ስድስት ብረት ይዤ ከድሬ እስከ ሱሉልታ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ "ለለቅሶ ነው ለሐኪም?" ተብሎ ይጠየቃል። እኔ "ብረት ላስመረምር ነው" ስል ጎረቤቴ እማማ ፋጡማ ከንፈራቸውን መጠጡና "ዘሪሁን ልጄ፣ ብረቱ ምን አለበት? ጤነኛ ይመስላል እኮ" አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአንድ የሙያ ኮሌጅ የብረት ሥራ አስተምራለሁ። ከወርክሾፓችን ጀርባ ከድሮው ባቡር መስመር የተነሡ የብረት አግዳሚዎች ተከምረዋል። አግዳሚ የምለው ከሐዲዱ ሥር በየእርምጃው እየተነጠፈ ሐዲዱን የሚሸከመውን ነው፤ የድሮ ባቡር ሠራተኞች በፈረንሳይኛ አጠራር "ትራቨርስ" ይሉታል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ሲያነጥፍና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። አሁን ኮሌጁ ለተማሪዎች መለማመጃ የምትሆን አጭር ሐዲድ በግቢው ውስጥ ሊዘረጋ ነው። በምን ላይ ትዘርጋ? በድሮው አግዳሚ፣ ከገበያ በሚገዛ አዲስ ብረት፣ ወይስ ቡራዩ ባለ ማቅለጫ ቤት በሚቀዳ ብረት? ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ሳባ ነገር አታራዝምም። "የቁራሊዮው መኪና ሰኞ ይመጣል። እስከ ሰኞ የምርመራ ወረቀት ካመጣህ ክምሩ ይቀራል፣ ካላመጣህ ይጫናል። በትዝታ ላይ ሐዲድ አይዘረጋም" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን የድሮው ብረት እንዲያሸንፍ እፈልግ ነበር፤ ይህን ከአሁኑ ልናገር፣ በኋላ እንዳትታዘቡኝ።

ረቡዕ

ባቡሩ የሚነሳው በማለዳ ነው። ማታውን ስድስት ቁራጭ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስቱን ከድሮው አግዳሚ የቆረጥኳቸውን ቀይ ቀለም ቀባሁ፣ ሦስቱን ከሦስት ሱቅ የገዛኋቸውን አዲሶቹን ነጭ። እያንዳንዳቸው ከስንዝር ትንሽ ይረዝማሉ። ከእነዚህ ሌላ አንድ ጉማጅ የድሮ ብረት ያዝኩ። ቡራዩ ያሉት የማቅለጫ ቤቱ ባለቤት አባት ኦቦ ቶሎሳ በስልክ "የጥንቱን ብረት በእጄ ልየው፣ ቁራጭ አምጣልኝ" ብለውኝ ነበር።

ጣቢያው በር ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። "አባት፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"የሐዲድ ብረት።"

"ከየት አመጡት?"

"ከሐዲድ።"

ባስረዳሁ ቁጥር ጥፋተኛ እየመሰልኩ ሄድኩ። የኮሌጁ ደብዳቤ ከብረቶቹ ሥር ስለነበር ሁሉንም መሬት ላይ መዘርገፍ ግድ ሆነብኝ። ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዱ "አቦ! ሰውዬው ሐዲዱን ነቅሎ ሊሳፈር ነው እንዴ?" አለና ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ፈታሹ ደብዳቤውን አንብቦ፣ እንደ ይቅርታ አድርጎ ብረቶቹን ራሱ መለሰልኝ፤ ቦርሳዬንም እስከ ፉርጎው ተሸከመልኝ።

የአዲሱ መስመር አግዳሚ ኮንክሪት ነው። መስኮት ላይ ግንባሬን አስደግፌ በየጣቢያው አየሁት፤ ሁሉም አንድ መልክ፣ ሁሉም ግራጫ። ጥሩ ሥራ ነው፣ የሚነቀፍ የለበትም፤ ግን ጆሮዬ የለመደው የብረቱን ድምፅ ነው። ከአዳማ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬት ያወጣ ጀመር። እኔ የለበስኩት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣ የተጫማሁት ነጠላ ጫማ ነው። ኅዳር ድሬ ላይ ያው ሙቀት ነው፤ እዚህ ግን ኅዳር በእውነት ኅዳር መሆኑን ረስቼው ነበር።

ለቡ ወርጄ የሰበታ ታክሲ ስይዝ መሽቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳዬ ላይ እግራቸውን አሳረፉና "ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?" አሉኝ። ብረት ነው አልኳቸው። "ታዲያ አንተንም ብረት አድርጎሃል መሰል በሸሚዝ የምትሄደው" ብለው የአንገት ልብሳቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ዓለም ገና ሲወርዱ ልመልስላቸው ብል "ያዘው፣ ለእኔ ቤቴ ቅርብ ነው" አሉኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሰበታ የተቀበለኝ በላይነህ ነው፤ በወጣትነታችን አብረን ብረት የተማርን፣ ዛሬ የራሱ ቶርኖ ቤት ያለው። ባለቤቱ ዓለሚቱ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። እንቢ ብል ማን ሊሰማኝ። ሦስት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ተጫነብኝ። ድሬ ላይ ሰው ለመኝታ ልብሱን ያወልቃል፣ ሰበታ ላይ ይደርባል።

ሐሙስ

ሱሉልታ ባለው የብረት መመርመሪያ የሚገኘው፣ ብረቱን እስኪበጠስ የሚጎትተው ማሽን የሚቀበለው ክብ ሆኖ መሀሉ የቀጠነ ብረት ነው። ያንን ቅርጽ የሚሰጣቸው፣ እያሽከረከረ የሚልጣቸው የበላይነህ ቶርኖ ነው። የተስማማነው አንድ አንድ እያደረገ ሊሠራ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዱ ከማሽኑ እንደወረደ ጫፉ ላይ ምልክት ልመታበት ነበር። ጠዋት መብራት ስላልነበረ ሻይ እየጠጣን አረፈድን። በላይነህ ስለ ድሬ ጠየቀኝ፤ ከዚራ ሰፈር ያሉት ዛፎች፣ የምንዋኝበት ቦታ፣ ያቺ የማትሰማን አስተማሪያችን። መብራት የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

እኛ ወደ ማሽኑ ስንዞር ዓለሚቱ በር ላይ ቆማ "እንግዳ ሳይበላ ብረት አይቆረጥም" አለች።

"አንዷን ጨርሰን እንመጣለን" አልኩ።

"በሞቴ! ሽሮው ሊረጋ ነው። በላይነህ ይቆይ፣ እሱ ቁርሱን ጠግቦ በልቷል፣ አንተ ና።"

ሄድኩ። ጾም ነው፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት። ድሬ ሽሮ ቀጠን ይላል፣ የዓለሚቱ ማንኪያ ያቆማል። "ጨምር" ስትል ጨመርኩ፣ "አልበላህም" ስትል በላሁ። የበላሁት እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱም ተመልሼ ስገባ በላይነህ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቱ በርቶ "ተቀመጥ፣ አረፍ በል! ስድስቱንም ጨረስኩልህ" አለኝ።

ስድስቱ ብረቶች ትሪ ላይ ተደርድረዋል፤ ዘይት የተቀቡ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጫፋቸው ሳይቀር የተስተካከለ። ቀይ የለ፣ ነጭ የለ። ቀለሙ የት እንደሄደ ለማየት ጎንበስ አልኩ። ከማሽኑ ሥር ከተከመረው የብረት ፍቅፋቂ ጋር ቀዩም ነጩም ተደባልቆ ተኝቷል።

"የትኛው የትኛው ነው?" አልኩት።

በላይነህ ትሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ትሪውን አየ። "ወንድሜ... ሥራዬ መላጥ ነው እኮ" አለ።

ከመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያሳፍረኝ የእሱ ስህተት አይደለም። እኔ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ የማስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው፦ ቶርኖ የሚገባ ብረት በቀለም አይለይም፤ ቀለም ቆዳ ላይ ነው፣ ቶርኖ ደግሞ ቆዳ ይገፍፋል። ጫፉን በሹል ብረት ምታ፣ ለባለ ማሽኑም ጫፉን አትንካ በል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ባቡር እንዳያመልጠኝ ብዬ ብሩሽ ያዝኩ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም የሚባለው ለእኔ ነው።

በላይነህ ከእኔ በላይ አዘነ። ዓለሚቱም "የእኔ ሽሮ ነው ያመጣው" እያለች ተቆጨች። ትንሽ ቆይቶ በላይነህ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦ "ስማ። ማሽኑ ላይ ሦስቱ ይበልጣሉ፣ ሦስቱ ያንሳሉ። የበለጡት የአባትህ ናቸው በልና ጻፍ። ማን ያውቃል?"

እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘለለ። ለቀላል ነገር ሰው አይዋሽም፤ ለሚወደው ነገር ግን ምላሱ ይለሰልሳል። ያን ሌሊት ሦስቱ ብርድ ልብስም አላሞቀኝም።

ዓርብ

ብረቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቡራዩ ተነሳሁ። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ ቡራዩ፤ በሦስት ታክሲ። ድሬ ላይ ባጃጅ ጠርተህ እበርህ ድረስ ትሄዳለህ፤ እዚህ ግን ሰው ለታክሲ ይሰለፋል፣ ሰልፉም ላይ ዜና ይሰማል፣ ወዳጅ ያፈራል። አስኮ ላይ አንዱ ወጣት ተራውን ሰጠኝ፤ ነጠላ ጫማዬን አይቶ አዝኖልኝ ይመስለኛል።

የማቅለጫ ቤቱ ባለቤት ጫልቱ ትባላለች፤ ሠላሳዎቹን የተሻገረች፣ ጓንቷ ከእጇ የማይለይ። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በእርምጃው ነው።

"አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ቶሎሳ?" አልኩ፤ የኦሮምኛ ሰላምታው የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አይከብደኝም።

"ነጋ! የድሬው ሰውዬ ነህ? ና ተቀመጥ። ብረቱስ?"

ጉማጁን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ክብደቱን ገመቱ፣ በጥፍራቸው ቆርቆር አደረጉት። "ቁራጭ አይዘፍንም" አሉ። "ሙሉዋን መትቼ ብሰማት ነበር የምነግርህ። ብረት ድምፅ አለው፣ ግን አካሉ ሙሉ ሲሆን ነው።"

ከዚያ ኀፍረቴን ተናገርኩ። ጫልቱ ሳቋን ለመያዝ ፊቷን አዞረች። ኦቦ ቶሎሳ ግን አልሳቁም።

"ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?"

"አልነገርኩም። ያገሬ ልጅ የበለጡትን የኔ ናቸው በል ብሎኝ ነበር።"

"አንተስ?"

"እስካሁን አላልኩም።"

ሽማግሌው ጉማጁን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ" አሉ። "ልጅ ሆኜ ሰው ማረሻውን ከእኛ ይወስዳል፣ ቤታችን ግን አይበላም። አባቴ ምን ይል ነበር፦ ሰው ቢንቀን ይናቀን፣ ብረታችንን ግን 'ዋሸ' እንዳይለው። ማረሻው እርሻ መሀል ከተሰበረ የሚሰደበው ብረቱ አይደለም፣ እኛ ነን። ጫልቱ! ድንጋዩን አስነሺ።"

ድንጋዩ ግራይንደር ነው፤ የሚሽከረከር መሞረጃ። ብረት ሲነካው የሚወጣው ብልጭታ እንደ ብረቱ ዓይነት ይለያያል፤ እኔም ይህን አውቃለሁ፣ በድንጋጤ ግን ጨርሶ ጠፍቶብኝ ነበር። ጫልቱ መጋረጃውን ጋረደችና መጀመሪያ የማውቀውን ጉማጅ ነካችው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ብቻ የሚበተን ብልጭታ ወጣ።

ኦቦ ቶሎሳ በሩ ላይ ሆነው ጠየቁ፦ "ኡርጂ ቀባ? ኮከብ አለው?"

"ጫፉ ላይ ትንሽ፣ አባ።"

"ቀለሙስ?"

"እንደ ገለባ።"

"እሺ። አሁን የሱን አምጪ።"

ጫልቱ ቀድማ ወደ እኔ ዞረች። "አይስጉ ጋሼ፣ የምነካው ጫፋቸውን ብቻ ነው። ማሽኑ በሚይዘው በኩል ነው፣ መሀላቸውን አልደርስበትም።" አንደኛው ልክ እንደ ጉማጁ ሆነ። ሁለተኛው ገና ከድንጋዩ ሳይርቅ በኮከብ ተሞላ። ሦስተኛው እንደ ጉማጁ። አራተኛው ከሁሉም የተለየ፣ የተቆራረጠ። እሳቸው እየጠየቁ፣ እሷ እየመለሰች፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ ቆሜ፣ ስድስቱም አለቁ። ሦስቱ የጉማጁ ወንድሞች ሆኑ። የቀሩት ሦስቱ እርስ በርሳቸው እንኳ አይመሳሰሉም።

"የሦስት ሱቅ ብረት ነዋ" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። "የሦስት እናት ልጆች።"

ጫልቱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ተራቸውን አዛብታ፣ እኔ ሳልነግራት። ያው ሆነ። ያኔ መዶሻ ተቀብዬ ጫፋቸውን መታሁ፦ ለድሮው አንድ ነጥብ፣ ለአዲሱ ሁለት። ጫልቱ ራሷ ቀድታ ያዘጋጀቻቸውን ሦስት ብረቶች ስትሰጠኝ ሦስት ሦስት ነጥብ ተመትቶባቸው ነበር። ፈገግ አለች።

እዚያው አደርኩ። ለራት የቀረበው ጭኮ አልነበረም፣ ቅቤ ስላለበት፤ "በጾም ስለመጣህ ተጎዳህ" እያሉ በቆሎና ባቄላ ንፍሮ አቀረቡልኝ። ጎረቤቶችም መጥተው አብረውን ከአንድ ሳህን በሉ። ኦቦ ቶሎሳ የሰዎቹን ድምፅ እየሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር።

ቅዳሜ

ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሲወርድ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከጉሙ ውስጥ ሯጮች በቡድን ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ካየን የሚያባርረውን ነው የምንፈልገው። ጫልቱ በግድ ያለበሰችኝ የአባቷ ካፖርት ባይኖር እኔም ለሙቀት ብዬ እሮጥ ነበር።

መመርመሪያው ክፍል ትንሽ ነው። ባለሙያው ደረጀ ይባላል፤ ወጣት፣ ንግግሩ በልክ። ብረት ከማየቱ በፊት ወረቀት አወጣ። "ጋሼ፣ የናሙናውን ስም የምጽፈው እርስዎ በሚነግሩኝ ነው። ይፈርማሉ። እርግጠኛ ነዎት?"

ከበላይነህ ቶርኖ እስከ ጫልቱ ድንጋይ ሁሉንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጠኝና "በብልጭታ የተለዩ፣ ምልክታቸው ጠፍቶ የነበረ" ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ሳባ ያንን መስመር ቀድማ እንደምታነበው አውቃለሁ። ቢሆንም ፈረምኩ።

የጫልቱ ብረት መጀመሪያ ገባ። ማሽኑ ሁለት ጫፉን ይዞ ቀስ እያለ ይጎትታል። ብረቱ ምንም ሳይለወጥ ቆይቶ በድንገት ጧ! አለ፤ ዘልዬ ግድግዳ ነካሁ። ሦስቱም እንደዚያው። "ጠንካራ ነው፣ ግን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው" አለ ደረጀ። ጫልቱም ይህን ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ የእሷ ብረት የሚያምርበት ሲጫኑት እንጂ ሲጎትቱት አይደለም።

ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ያላቸው። የመጀመሪያው ተሳበ፣ መሀሉ ቀጠነ፣ ጉልበቱን የምታሳየው የማሽኑ መርፌ ግን ሄደች፣ ሄደች፣ ከጠበቅኩት በላይ ወጣች። ሁለተኛው መካከለኛ ሆነ። ሦስተኛው ገና ሲጀምር ለቀቀ።

የድሮዎቹ በመጨረሻ ገቡ። አንደኛው ተሳበ፣ ቀጠነ፣ ተበጠሰ። መርፌዋ ከአዲሱ ምርጥ በታች ቆማለች። ሁለተኛው እዚያው ቆመ። ሦስተኛውም እዚያው። አለቀ።

ማሸነፍ ብሎ ነገር የለም። አባቴን አሰብኩ፤ ክምሩ መኪና ላይ ሲወጣ ታየኝ። ያኔ በላይነህ እንዳለኝ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የበለጠው ብረት ዛሬ "የድሮው" ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ይህም በልቤ አለፈ፣ አልደብቅም።

"ምነው ከፋዎት?" አለ ደረጀ።

"ተሸነፈ እኮ።"

ዘጠኙን ስብርባሪ ጠረጴዛው ላይ በሦስት ረድፍ ደረደራቸው። "ጋሼ፣ እስቲ አይተው ይፍረዱ። ከአዲሶቹ አንዱ ጀግና ነው፣ አንዱ ልፍስፍስ። ሐዲድ ላይ ሲተኙ ልፍስፍሱ ይጎብጣል፣ የሱ ሸክም ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ላይ። እነዚህን ይዩ፤ ሦስቱም በእኩል ጉልበት ነው የተበጠሱት፣ ከመበጠሳቸውም በፊት ተስበው አሳውቀዋል። አግዳሚ ጀግና አይፈልግም፤ እኩል የሚሸከሙ ወንድማማቾች ነው የሚፈልገው።" ቀጥሎም ሳቅ ብሎ "ደግሞ ሦስቱ እንዲህ እኩል የመጡት የሽማግሌው መለየት ልክ ስለሆነ ነው። ቢደባለቁ ኖሮ እንዲህ አይገጥሙም ነበር" አለ።

ካፖርቱ ውስጥ ሆኜ ሞቀኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ስወጣ ጉሙ ተገፎ፣ የሱሉልታ ሜዳ እስከ ተራራው ድረስ ተዘርግቶ ይታይ ነበር።

እሑድና ሰኞ

እሑድ ባቡር ስላልነበረ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት የቁራሊዮው መኪና በር ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ሳባ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። እንደፈራሁት ጣቷ ያቺ መስመር ላይ ቆመ። "ይህ ምንድን ነው?" አለች፤ ተማሪዎቼ ዙሪያችንን ከበዋል።

ሁሉንም በተማሪዎቼ ፊት ተናገርኩ። ቀለም እንደቀባሁም ጭምር። አንዷ "ቀለም ቆዳ ላይ ነው፣ ቶርኖ ቆዳ ይገፍፋል!" ብላ የራሴን አባባል መለሰችልኝ፣ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ወይዘሮ ሳባም ሳቀች። "ጉድለቱን የማይደብቅ ወረቀት ይታመናል" ብላ ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ሾፌሩ ሄደች። መኪናው ባዶውን ዞሮ ወጣ።

በማግስቱ የዛገውን እየለየን፣ ደኅናውን እያጠብን ጀመርን። የመጀመሪያዋን አግዳሚ ከመሬት አንስተን በሁለት እንጨት ላይ አጋደምናት። ጫፏን በሹል ብረት የመታችው ያቺው የሳቀችብኝ ልጅ ናት፤ አንድ ነጥብ። እኔ ቡራዩ ደወልኩና ጫልቱን "ስልኩን ከአባትሽ ጆሮ አድርጊልኝ" አልኳት። ከዚያ ስልኩን እንጨቱ ላይ አስቀምጬ፣ መዶሻውን አንስቼ መሀሏን አንድ ጊዜ መታሁ።

ድምፁ ግቢውን ሞልቶ ቀስ እያለ ሄደ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር መስመር ላይ የሰማሁት ነው። መዶሻውን አስቀምጬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋ ኦቦ ቶሎሳ ሲተነፍሱ ሰማሁ።

"አልዋሸችም" አሉ። "ድገማት።"